ለአማኑኤል የተገዛችው አዲስ መኪና

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ጎሃ ጽዮን ሲደርስ ሁለት ነገር ሳያደርግ አያልፍም፤ ሻይ ይጠጣል፣ ከዚያም ወደ አፋፉ ጠጋ ብሎ የዓባይን በረሃ ቁልቁል ያያል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ለተመልካች የሚያምር ሥዕል ቢሆንም ለመኪና ፍሬን ግን ጽኑ ፈተና ነው።

በጥር ወር 2015 ዓ.ም.፣ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ታርሞ ተማሪዎቼ ለዕረፍት በተበተኑበት ሳምንት፣ እኔም በዚያ አፋፍ ላይ ቆሜ ነበር። በቢቸና ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ የትውልድ ቦታዬ ግን አማኑኤል ነው። ከእኔ ጋር የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው በአማኑኤል እህል የሚነግዱት አጎቴ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ያረፉት ጎረቤታቸው። አጎቴ ለብዙ ዘመን ጤፋቸውን በሰው መኪና እያስጫኑ ከትርፋቸው ብዙውን ለኪራይ ሲከፍሉ ቆይተው፣ በመጨረሻ ያጠራቀሙትንና የተበደሩትን ቢቀላቅሉት ለአንዲት አዲስ ነጭ ፒክ አፕ በቃቸው። የወንበሮቿ ላስቲክ እንኳ ገና አልተነሣም፤ አጎቴም እንዲነሣ አልፈቀዱም። ዕቅዳቸው መኪናዋን በመጀመሪያ ለአማኑኤል ሰው ማሳየት፣ ከዚያም እኔን ቢቸና አድርሰው እስከ ሞጣ ገበያ መዝለቅ ነበር።

ጎሃ ጽዮንና ደጀን በዓይን ሲታዩ ተጠራርተው የሚሰማሙ ይመስላሉ፤ በመንገድ ግን በመካከላቸው አርባ ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ግማሹ ቁልቁለት ነው፤ ግማሹ ዳገት። ከአፋፉ እስከ ወንዙ መንገዱ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከላይ በጋቢ ተጠቅልሎ የተነሣ መንገደኛ ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል።

ጥቂት ጠመዝማዛዎች እንዳለፍን፣ እስከዚያ ድረስ ጨዋታ ያልተለያቸው ሾፌራችን ድንገት ዝም አሉ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ መለሱ፤ ቀጥሎም ወደ አንደኛ። መንገዱ ሰፋ ካለበት ቦታ ዳር ይዘው አቆሙና የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። እኔም ወርጄ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገባሁ።

«ምነው?» አሉ አጎቴ።

«ፍሬኑን ስረግጠው እግሬ ጥጥ የረገጠ መሰለኝ። መያዙን ይይዛል፤ ነገር ግን ሩቅ ሄዶ ነው የሚይዘው።»

«አዲስ እኮ ናት!»

«አዲስ መሆኗን ገደሉ አያውቅም» አሉ ሾፌሩ።

የፊዚክስ መምህር ነኝና ነገሩን ለማስረዳት ቸኮልሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። በብዙ መኪና የሚገባው ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይፈለጋል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ሁለት ሺህ ኪሎ የሚመዝን መኪና ከጎሃ ጽዮን እስከ ወንዙ ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል፣ ሁሉም ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ ከሰባ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህን ሁሉ ሙቀት ፍሬን ብቻውን እንዲሸከም የተደረገ እንደሆነ ዘይቱ ይፈላል፤ እንፋሎቱም እንደ አረፋ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ይላላል። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ብናርፍ ዘይቱ ቀዝቅዞ ፍሬኑ ይመለሳል ብዬ ንግግሬን ጨረስሁ።

ሾፌሩ በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከዚያም እጃቸውን ወደ ጎማው ብረት አስጠግተው፣ «መምህር፣ ያልኸው ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ገና መውረድ መጀመራችን ነው፤ ብረቱም ለብ ከማለት አላለፈም። ታዲያ ዘይቱን ምን አፈላው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ያስረዳሁት እውነተኛ ነገር ነበር፤ የዚያች መኪና በሽታ ግን እርሱ አልነበረም።

ሾፌሩ ፔዳሉን ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ ብሎ እንደሚይዝ አረጋገጡ። የጭነት መኪናዎቹን አሳልፈን፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ እንደ ሰው እርምጃ ወረድን። ከኋላችን ያሉት ጡሩምባ ይነፉብን ነበር፤ እርሳቸው ግን ዞረው አላዩም። ከሸለቆው ወለል ስንደርስ በ1940 ዓ.ም. አካባቢ የተሠራው አሮጌው ድልድይ በአንድ ወገን፣ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው ባለ 303 ሜትሩ የህዳሴ ድልድይ በሌላው ወገን ቆመው ጠበቁን። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር አጎቴ አማተቡ። ዳገት ፍሬን አይጠይቅም። ከደጀን ወዲያ ያለውንም ሜዳ በዝግታ ተጉዘን ደብረ ማርቆስን አልፈን በመሸ ጊዜ አማኑኤል ገባን።

አማኑኤል የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫና ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። መንገደኛ በአውቶቡስ መስኮት አይቷት የሚያልፋት፣ ቆርቆሮ ቤቶቿ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፉ፣ ከበስተኋላዋ ባሕር ዛፍና የጤፍ ማሳ ያላት ደገኛ ከተማ ናት። ለእኛ ለልጆቿ ግን አዲስ መኪና ሲገባ ሠፈሩ ሁሉ የሚወጣባት ናት። በዚያች ሌሊት ፈንድሻ ተበተነ፣ ቡና ተፈላ፤ ሽማግሌዎችም መኪናዋን መረቁ። ልጆች «አንድ ጊዜ ብቻ አዙሩን!» እያሉ ለመኑ። ሾፌሩ ግን ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው፣ «ነገ ትመረመራለች፤ እስከዚያ ታማሚ ናት» አሉ። አጎቴ በእንግዶቹ ፊት እንደ ማፈር አሉ።

ለምን ወደ ሻጩ አንመልሳትም የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ የሚገባውም ይኸው ነበር። ነገር ግን ሻጩ ያለው ከዓባይ ማዶ ነው። ሾፌሩም በማያምኑት ፍሬን ዓባይን ሁለተኛ አልሻገርም አሉ። ስለዚህ ሌሊቱን በአራቱም ጎማዎችና በሞተሩ ሥር ካርቶን አነጠፉ።

በማግሥቱ ጧት ብርዱ ሳይለቅ ምርመራው ተጀመረ። እኔም ደብተር ይዤ ቆምሁ፤ ሥርዓቱ ለብዙ ሰው ይጠቅማልና እንደ ቅደም ተከተሉ እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ ካርቶኖቹ ታዩ፤ ደረቅ ናቸው። ኮፈኑ ተከፈተ፤ በመያዣው ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት በላይኛውና በታችኛው ምልክት መካከል ነው። እንግዲህ ወደ ውጭ የሚፈስ ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ መኪናዋ ሌሊቱን ሙሉ በብርድ አድራ ሳለ ፔዳሉ ተረገጠ፤ እንደ ትናንቱ ለስላሳ ነው። የሙቀት ቢሆን ኖሮ በብርድ ይጠነክር ነበር። በዓባይ በረሃ የሰጠሁት ትምህርት በዚህ ተሰረዘ፤ እኔም በደብተሬ ላይ ሰረዝሁት።

ሦስተኛ፣ ፔዳሉን ረግጠው ሳይለቁ እስከ ስልሳ ቈጠሩ። ቀስ እያለ ቢሰምጥ ኖሮ ዘይቱን የሚገፋው የፍሬን ፖምፓ በውስጡ እያሳለፈ ነው ማለት ነበር፤ ነገር ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ቀጥለውም ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን ብዙ ጊዜ ረግጠው፣ በመጨረሻው እንደያዙት ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ አለ። ይህም ሞተሩ የእግርን ኃይል የሚያግዝበት ክፍል ጤነኛ መሆኑን ያሳያል።

አራተኛ፣ ቶሎ ቶሎ ሦስት ጊዜ ረገጡ። ፔዳሉ ከፍ አለ፤ ሆኖም እንደ ኳስ መልሶ ይገፋል እንጂ እንደ ድንጋይ አይደርቅም። በኋላ ጎማዎች ላይ ያለው የፍሬን ሸራ ከታምቡሩ ርቆ ቢሆን፣ ፔዳሉ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ርግጫ ከፍ ብሎ ይደርቅ ነበር። ይህንንም ለማረጋገጥ የእጅ ፍሬኑን ስበው ሸራውን ወደ ታምቡሩ አስጠጉና እንደገና ረገጡ፤ ልስላሴው እንደዚያው ነው።

«እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ቀረ» አሉ። «አየር ገብቷል።»

ነገር ግን አየር ከየት ይመጣል? የፍሬን ቱቦ ካልተፈታ ወይም ዘይቱ ካላለቀ በቀር አየር በቀላሉ አይገባም። ሾፌሩ ወደ አጎቴ ዘወር ብለው፣ «ከተረከብሃት ወዲህ ማን ነካት?» ሲሉ ጠየቋቸው።

«ማንም አልነካት።»

ሾፌሩ ጆንያ አንጥፈው ከመኪናዋ ሥር ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ፣ «የዚህ የቱቦ ብሎን ቀለም በቁልፍ ተፍቋል። ከባሌስትራውም ላይ ሁለቱ ቅጠሎች ከሌሎቹ ጋር አብረው የተወለዱ አይደሉም» የሚል ድምፅ ከሥር ተሰማ።

አጎቴ መሬት መሬት እያዩ ቆዩ። ከዚያም እውነቱን ነገሩን። አዲስ አበባ ሳሉ፣ እኛን ከማግኘታቸው አንድ ቀን አስቀድሞ፣ «ብዙ ጤፍ እንድትሸከም» ብለው ባሌስትራዋን በአንድ ቤት አስጨምረውባታል። ሠራተኛው ሥራው እንዲመቸው የኋላውን የፍሬን ቱቦ ፈትቶ መልሶ ገጥሞታል፤ አየሩን ግን አላስወጣም። ሾፌሩ «ከልክ በላይ ልትጭን ነው» ብለው እንዳይቈጧቸው ሲሉ ዝም አሉ። አሁን ዝምታው ከቁጣው በለጠባቸው። በአገራችን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በዓባይ ቁልቁለት ላይ ግን ሦስታችን በአንድ ሰው ምሥጢር ላይ ተቀምጠን ስንወርድ እንደነበር ሳስበው ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ጉዳቱም አየሩ ብቻ አልነበረም። ፒክ አፕ ባዶዋን ስትሆን ጀርባዋ ቀላል ነው፤ በኃይል ከተያዘች የኋላ ጎማዎቿ ተቈልፈው ትንሸራተታለች። ስለዚህ ብዙዎቹ ፒክ አፖች የጀርባቸውን ከፍታ እየለካ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚመጥን መቆጣጠሪያ አላቸው። ጭነት ሲበዛ ጀርባው ዝቅ ይላል፣ መቆጣጠሪያውም ለኋላው ብዙ ግፊት ይለቃል። ባሌስትራ ከተጨመረ ግን ጀርባው በጭነትም ጊዜ ዝቅ አይልም፤ መኪናዋ ጤፍ ተሸክማ ሳለች መቆጣጠሪያው ባዶ ናት ብሎ ግፊቱን ይቀንሳል። አጎቴ ብዙ እንድትሸከም ያደረጓት መኪና፣ በተሸከመች ቁጥር ፍሬኗ የሚያንሳት ሆና ነበር።

አየሩን ለማስወጣት ሦስት ሰው ያስፈልግ ነበር። ሾፌሩ ቁልፍ ይዘው ከሥር ተኙ፤ እኔ ፔዳሉ ላይ ተቀመጥሁ፤ አሥረኛ ክፍል የሚማረው የአጎቴ ልጅ ደግሞ ጥቂት ዘይት ያለበት ጠርሙስ ያዘ። ከማስተንፈሻዋ ብሎን የተነሣ ቀጭን ላስቲክ ጫፉ በጠርሙሱ ዘይት ውስጥ ተነከረ። በመያዣው ላይ የሚጨመረውም በክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት፣ ገና ያልተከፈተ አዲስ ቆርቆሮ ነበር። ከፖምፓው አብልጦ ከሚርቀው የኋላ ጎማ ተጀመረ። ሾፌሩ «ርገጥ!» ሲሉ እረግጣለሁ፤ «ያዝ!» ሲሉ ይዤ እቆያለሁ፤ ብሎኑ ይላላል፣ ፔዳሉ ይሰምጣል፤ ብሎኑ ሲጠብቅ «ልቀቅ!» ይሉኛል።

በአምስተኛው ላይ «ልቀቅ» ሳይሉኝ ለቀቅሁ። ብሎኑ አልጠበቀም ነበርና የወጣው አየር ተመልሶ ተሳበ። ሾፌሩ አልተቈጡም፤ «መምህር፣ እንደገና» ብቻ አሉ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። በዚያ ጊዜ ልጁ ጠርሙሱን እያየ፣ «አረፋው! ጋሼ፣ አረፋው ይወጣል!» ብሎ ጮኸ። ከመኪናዋ ወርጄ አየሁት። ነጫጭ አረፋዎች እንደ ዕንቁ ተከታትለው ይወጡ ነበር።

በተዘጋ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ ሳይጎድል ይደርሳል የሚለውን የፓስካልን ሕግ ሦስት ዓመት አስተምሬዋለሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1623 እስከ 1662 የኖረውን የፈረንሣዊውን ሊቅ ስምና ዘመን ተማሪዎቼ በቃላቸው ይዘውታል። ነገር ግን ሕጉ «ፈሳሽ» እንጂ «አረፋ ያለበት ፈሳሽ» እንደማይል፣ በእግሬ ሥር እስከተሰማኝ ቀን ድረስ በእውነት አልገባኝም ነበር። ፈሳሽ ጥቂት እንኳ አይታመቅም ለማለት ይቻላል፤ አየር ግን ይታመቃል። በቱቦው ውስጥ ያለች ትንሽ አየር የእግርን ጕልበት ለራሷ ትበላለች፤ ወደ ጎማው የሚደርሰው የተረፈው ብቻ ነው።

የመጨረሻው አረፋ የወጣው ከመቆጣጠሪያው ላይ ካለችው ማስተንፈሻ ነበር። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ደረቀ። ሾፌሩ በሜዳው መንገድ ላይ በዝግታ፣ ቀጥሎም ጥቂት ፈጠን ብለው ሞከሩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደዚያም ሆኖ ሥራው በዚህ እንዲያበቃ አልፈቀዱም። በማግሥቱ ደብረ ማርቆስ ባለ ጋራዥ የተጨመሩት ሁለት የባሌስትራ ቅጠሎች ወጡ፤ የመቆጣጠሪያውም ልክ እንደ ፋብሪካው መመሪያ ተስተካከለ። እዚያው ያለ ወጣት መካኒክ፣ ጎማ እንዳይቈለፍ የሚከላከል መሣሪያ ባላቸው አንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች አየሩ ያለ ኮምፒዩተር ርዳታ ጨርሶ እንደማይወጣ ነገረን። መኪናዋንም እንደዚያው መረመራት። ሾፌሩ ከልጃቸው የሚያንሰውን ያን ወጣት አንድ በአንድ ይጠይቁት ነበር፤ መጠየቁ አላሳፈራቸውም። አጎቴ የብረቱን ቅጠሎች በጀርባዋ ላይ ጥለው፣ «ለበር መቀርቀሪያ ይሆናሉ» አሉ።

ከዚያ ጕዞው የደስታ ሆነ። ደጀን ላይ ወደ ሰሜን ስንታጠፍ በግራ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጮቄ ተራራ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ መሬቱ ወደ ዓባይ ገደል ሲያዘቀዝቅ ይታያል። እነ ሙጋ፣ እነ ሱሓ ከጮቄ ወርደው አገሩን እየቈረጡ ወደ ዓባይ ይገባሉ። ጥቁሩ መሬት አጨዳው አልቆ የጤፍ ገለባ ክምር እዚህም እዚያም ቆሟል። በቢቸና፣ በአርበኛው በበላይ ዘለቀ አገር፣ ዕቃዬን ካወረድሁ በኋላ ዕረፍቴ ገና ስላላለቀ አብሬያቸው ወደ ሞጣ ቀጠልሁ። ደብረ ወርቅንና ግንደ ወይንን አልፈን፣ ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ሦስታችንም ሳንነጋገር የሾፌሩን ቀኝ እግር እናይ ነበር። እግሩ ጥቂት ይንቀሳቀሳል፤ መኪናዋ ትይዛለች።

ሞጣ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ያሠሩት የጊዮርጊስ ደብር ያለባት ጥንታዊት ከተማ ናት። ማታ ጠላ ቤት ስንቀመጥ ከዚያ በታች በዓባይ ላይ ስላለው ስለ ሰባራ ድልድይ ተነሣ። በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ይህ የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከተሰበረ በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ እስኪጠገን ድረስ፣ ሰው በገመድ ታስሮ በዚህና በዚያ ማዶ ያሉ ሰዎች እየሳቡት ነበር የሚሻገረው። አጎቴ ይህን ሰምተው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ገመዱ የላላ መሆኑን እያወቀ የማይናገር ሰው ቢኖርስ?» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። ወዲያው ተነሥተው ወደ መኪናዋ ሄዱና የወንበሮቹን ላስቲክ ቀደው አወጡ።

ትምህርት ሲከፈት ወደ ክፍሌ ሁለት መርፌ የሌላቸው ስሪንጆችና አንድ ቀጭን ቱቦ ይዤ ገባሁ። በመጀመሪያ ሁለቱን ውሃ ሞልቼ አገናኘኋቸው፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ወዲያው ይነሣል። ቀጥዬ ጥቂት አየር አስገባሁና ተማሪዎቹ በየተራ እንዲገፉ አደረግሁ። ያን ልስላሴ ሁሉም በአውራ ጣታቸው አወቁት። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ በመኪናው ውስጥ አየሩ በምን ገባ?» አለችኝ። የአጎቴን ስም ሳልጠራ ታሪኩን ነገርኋቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ከእናንተ ብዙዎቹ ነገ በየመሥሪያ ቤታችሁ መኪና ትረከባላችሁ፤ ወይም የተረከበ ሾፌር «ፍሬኑ አላማረኝም» ብሎ ከጠረጴዛችሁ ፊት ይቆማል። «አዲስ እኮ ነው» ብላችሁ አትመልሱት። ከዚያ ይልቅ ሲቀዘቅዝ እንዴት እንደሆነ፣ ዘይቱ እንደጎደለ፣ ፔዳሉ ይዘውት ሲቆዩ እንደሚሰምጥ፣ ከሁሉም በፊት ከተረከበው ወዲህ ማን እንደነካው ጠይቁት። የነካውም ሰው እናንተ ከሆናችሁ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ተናገሩ።